ሬቲኖልና ብጉር፦ ከወሎ ወጣቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ፋርማሲ ውስጥ ስንሠራ የምንጠየቀው ነገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። ድሮ "ለብጉር የሚሆን ሳሙና አላችሁ?" ነበር። አሁን ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው የሬቲኖል ጠርሙስ ያሳዩናል። ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም፣ ከባቲም የሚመጡት እንደዚሁ ናቸው። መድኃኒቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ምክሩ የመጣው ፀሐዩም የሰዉ ቆዳም ከኛ ከሚለይበት አገር መሆኑ ላይ ነው። እዚህ የምመልሰው እኛ ጋ ለሚኖር፣ እንደኛ ጠየም ወይም ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው ሰው ነው።

ሬቲኖል ምንድን ነው? ብጉር ላይስ ምን ያደርጋል?

ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ አንድ ዓይነት ነው። ስትቀቡት ቆዳው ራሱ በሁለት ደረጃ ይለውጠዋል። መጀመሪያ ሬቲናል ይሆናል፣ ቀጥሎ ሬቲኖይክ አሲድ። ሥራውን የሚሠራው የመጨረሻው ነው።

ብጉር በዓይን ከመታየቱ በፊት ነው የሚጀምረው። ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሉ። ወዙ በፀጉር ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የቀዳዳው ግድግዳ የሚያራግፋቸው የሞቱ ሴሎች ከወዙ ጋር ተጣብቀው መውጫውን ይደፍኑታል። በዚህ ጊዜ መስታወት ፊት ብትቆሙም ምንም አታዩም። ሳምንታት ሲያልፉ ነጭ ወይም ጥቁር ጫፍ ያላት ትንሽ ፍሬ ትወጣለች። ውስጧ ባክቴሪያ ሲራባ ደግሞ ታብጣለች፣ ታማለች፣ መግል ትይዛለች።

የሬቲኖል ቤተሰብ የሚሠራው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ሴሎቹ እንዳይጣበቁ፣ ቀዳዳውም እንዳይደፈን ያደርጋል። እብጠቱንም በመጠኑ ያበርዳል። ስለዚህ ትናንት የወጣችውን ብጉር ነገ አያጠፋላችሁም። የሚያስቀረው ከወር በኋላ ልትወጣ የነበረችውን ነው። ፊት ሁሉ የሚቀባው፣ ወራት የሚፈጀው፣ ፊት ጠራ ተብሎ ድንገት የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሬቲኖል፣ ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ይባላል። የቱን ልግዛ?

ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሬቲኖይድ ይባላሉ። ጉልበታቸውና ማስረጃቸው ግን እኩል አይደለም።

ትሬቲኖይን ማለት ሬቲኖይክ አሲዱ ራሱ ነው። ቆዳው መለወጥ አያስፈልገውም። አሜሪካ ውስጥ ለብጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ብዙ ጊዜ 0.025፣ 0.05 እና 0.1 በመቶ ሆኖ ይመጣል። ብርሃን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ማታ ብቻ ነው የሚቀባው።

አዳፓሊን ለብጉር ተብሎ የተሠራ ነው። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 0.1 በመቶው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተወሰነ፤ ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ብርሃን ቶሎ አያበላሸውም። ብዙዎች ላይ ከትሬቲኖይን ያነሰ ያቃጥላል።

ሬቲኖል እንደ መዋቢያ ነው የሚሸጠው። ጥሩ ጥናቶቹ የበዙት በፊት መሸብሸብ ላይ እንጂ በብጉር ላይ አይደለም። ደካማ ስለሆነ ቆዳን ቶሎ አይጎዳም፤ ውጤቱም በዚያው ልክ ደካማ ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ፊታችሁ ላይ ጥቃቅን ፍሬዎች ብቻ ካሉ፣ ቆዳችሁም ስስና ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ፣ በሬቲኖል መጀመር ይቻላል። እውነተኛ ብጉር፣ የሚያምና መግል የሚይዝ ካለባችሁ ግን ከውጭ በውድ የመጣውን የሬቲኖል ጠርሙስ ተዉት። ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ስለ አዳፓሊን ጠይቁ። ብዙ ልጆች የወር ገንዘባቸውን ለጠርሙስ ከፍለው ሳይሻላቸው ሲቀር ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ሲገዙ ደግሞ ስሙን አጣሩ። "ሬቲኒል ፓልሚቴት" የሚል ከሆነ ከሬቲኖልም የደከመ ነው። ለብጉር አትግዙት።

እንዴት ልጀምር?

ቀስ ብሎ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ነው ፊቱ የሚላጠው።

ማታ ፊታችሁን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። የልብስ ሳሙና አይሆንም። በፎጣ ቀስ ብላችሁ አድርቁ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። እርጥብ ፊት መድኃኒቱን በኃይል ስለሚያስገባው ያቃጥላል። ለፊት ሁሉ የሚበቃው አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ናት። ግንባር፣ ሁለት ጉንጭ፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ነጠብ ነጠብ አድርጉና በስሱ አዳርሱት። ዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጠርዝና የከንፈር ጥግ አይነካም። እነዚህ ቦታዎች ላይ አስቀድሞ ትንሽ ቫዝሊን መቀባት ይጠብቃቸዋል። በመጨረሻ ሽታ የሌለው ሎሽን ደርቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ። ፊታችሁ ከተስማማ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ቀጥሉ። በየማታው የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። አንዳንድ ሰው በየማታው ጨርሶ አይደርስም፤ በሳምንት ሦስቴም ይሠራል።

ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። መጀመሪያ ሎሽን፣ ከዚያ ሬቲኖይዱ፣ ከላዩ እንደገና ሎሽን። ሌላም ዘዴ አለ፤ ቀብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መታጠብ። ሳምንት በሳምንት ሰዓቱን እያራዘማችሁ ትሄዳላችሁ።

ፊቴ እንደሆነ ወዛም ነው። ሎሽን ለምን ይጨመርብኛል?

ወዝና እርጥበት አንድ አይደሉም። ሬቲኖይድ የቆዳውን የላይ ሽፋን ያሳሳዋል፣ ውሃውም ይተናል። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ደሴ፣ ኩታበር ወይም ደላንታ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብርዱና ደረቁ ነፋስ ብቻውን ከንፈር ይሰነጥቃል። ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ስለሚያልባችሁ ቅባት የሌለው ቀለል ያለ ሎሽን ይበቃችኋል። ውዱ የግድ አይደለም። ግሊሰሪን ያለበት ተራ ሎሽን ጥሩ ነው።

ከጀመርኩ ወዲህ ብጉሩ ባሰብኝ። ልተው?

አብሽሩ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከሥር ተደብቀው የነበሩት ድፍኖች በአንድ ላይ ወደ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ይታያል። ብጉር የሚወጣበት የተለመደ ቦታችሁ ላይ ከሆነ፣ ቶሎ እየደረቀም ከሄደ፣ ቀጥሉ።

ድሮ ብጉር ወጥቶበት በማያውቅ ቦታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ፊቱ ሁሉ ከቀላ፣ ካሳከከ፣ ሎሽን እንኳ ሲነካው ካቃጠለ ቆዳው ተጎድቷል ማለት ነው። አቁሙ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በለስላሳ ሳሙናና በሎሽን ብቻ ቆዩ። ሲድን በሳምንት አንድ ማታ ብላችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ። ፊት ካበጠ ወይም ውሃ ከቋጠረ ቤት መቀመጥ የለም፤ ወደ ሕክምና ነው።

መቼ ነው ለውጥ የማየው?

ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው። ከዚያ በፊት "አልሠራልኝም" ብሎ መቀየር ከዜሮ መጀመር ነው። በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሱ። በየቀኑ መስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያየውም።

ሬቲኖል ፊት ያጠቁራል ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ያቀላል ይላል። የቱ ነው እውነቱ?

ይህ ጥያቄ ለኛ ከሁሉም ይበልጣል። ጠየም ያለ ቆዳ ሲቆጣ ወይም ሲቆስል ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉሩ ራሱ በሳምንት ይድንና ምልክቱ ወራት ይቀመጣል። ብዙ ልጆች "ብጉሬን አጥፉልኝ" ሲሉ የሚያሳዩን ይህንኑ ጥቁር ምልክት ነው። ብጉሩ ከጠፋ ቆይቷል።

ሬቲኖይድ በትዕግሥት ከተቀባ ይህን ምልክት ያደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ጥቁር ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት ትሬቲኖይን ለ40 ሳምንታት ተቀብቶ ከብጉርና ከመሰል ቁጣ የቀረውን ጥቁረት እንደቀነሰ አሳይቷል። አርባ ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም።

በችኮላና በብዛት ከተቀባ ግን መድኃኒቱ ራሱ ቆዳውን ያስቆጣዋል፣ ቁጣው ደግሞ አዲስ ጥቁረት ያመጣል። "አጠቆረኝ" የሚሉት አብዛኞቹ እንዲህ የሆነባቸው ናቸው። ነጭ ቆዳ ሲላጥ ቀልቶ ይሰነብትና ያልፋል። እኛ ላይ ምልክቱ ይቀራል። ለዚህ ነው በትንሹ፣ በዝግታ የምለው። የቆዳችሁን የተፈጥሮ ቀለም ግን አይለውጠውም፤ ለዚያ ብሎ የሚቀባው ሰው ይተወው።

ብጉር ማፍረጥም እዚሁ ላይ ይነሳ። በጥፍር የተነካች ብጉር ይበልጥ ትቆያለች። ምልክቷም ጠልቆ ይገባል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም የግድ ነው? ደሴ ብርድ አይደል እንዴ?

ብርድና ፀሐይ አይገናኙም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፤ ፀሐዩ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ነው የሚመታው። የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት የክረምት ቀን እንኳ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ላሊበላ፣ ወገል ጤና፣ ወረኢሉ ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ። ቆላ ያላችሁት የከፍታው ነገር ይቀንስላችኋል። የላቡ ጉዳይ ግን አለ፤ ክሬሙን ያጥበዋል።

ሬቲኖይድ የሚቀባ ፊት ለፀሐይ ይበልጥ ስስ ይሆናል። ጥቁር ምልክቶቹንም ፀሐይ ያጠነክራቸዋል። ማታ መድኃኒት ቀብቶ ቀን ፀሐይ ላይ መዋል አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ነው።

ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ "ቀዳዳ አይደፍንም" የሚል ክሬም ጠዋት ቀቡ። የሁለት ጣት ርዝመት ያህል ለፊትና ለአንገት ይበቃል። የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ከተገኘ ለኛ የተሻለ ነው፤ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ጥቁረት የሚያባብሰውን የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል።

ዋጋው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ካልተቻለ እናቶቻችን የሚይዙት ጃንጥላ አለ። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣም ብዙ ይከላከላል። በቀትር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ባለው፣ ጥላ ጥላውን መሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ወይም ገበያ ላይ ፀሐይ የሚመታው፣ ክሬምም ባርኔጣም የሌለው ሰው ግን ሬቲኖይድ ባይጀምር እመርጣለሁ። ለእሱ አዜላይክ አሲድ የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ይሻለዋል። ብጉሩንም ጥቁረቱንም ያክማል፣ ለፀሐይም አያጋልጥም።

በቀን አምስቴ ውዱእ አደርጋለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት ይሆናል?

ሬቲኖይዱ ራሱ ችግር የለበትም። ከኢሻ በኋላ ትቀቡታላችሁ፤ ለሱብሂ ስትታጠቡ ሥራውን ሠርቷል። በረመዳንም ሰዓቱ ከፍጡር በኋላ ማታ ስለሆነ አይጋጭም። ለተራዊህ የሚወጣ ሰው ሲመለስ ይቀባዋል።

የሚያስቸግረው የቀኑ ክሬም ነው። ለዙህር ሲታጠቡ ይሄዳል። ስለዚህ ከዙህር ውዱእ በኋላ እንደገና ቀቡት። ፀሐይ ላይ የምትቆዩ ከሆነ ከአስር ሶላት ውዱእ በኋላም ድገሙ። ክሬሙ ውሃን ይከለክላል ወይ የሚለውን ኢማማችሁን ጠይቁ። ቆዳውን በተመለከተ ግን ፊትን ለስለስ ባለ ሳሙና አጥቦ ክሬሙን ማስለቀቅ ምንም አይጎዳም። ውሃ ብቻ ደጋግሞ መንካትም ቆዳን ስለሚያደርቅ ሎሽኑን አትርሱ።

ሒጃብ ወይም ሻሽ አገጭና ግንባር ላይ አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ላቡና መፋተጉ ብቻውን ብጉር ያወጣል። ጥጥ ምረጡ፣ ቶሎ ቶሎ እጠቡት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የብጉር መድኃኒት የምትቀቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ቀለም ያለውን ጨርቅ ያነጣል። የሰርግ ሻሽ ላይ ከነካ አይመለስም።

ፀጉሬን ቅቤ እቀባለሁ። ጢስም እሞቃለሁ። ይጎዳል?

ቅቤው ፀጉር ላይ ሲሆን የፀጉር ነው። ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ ግን ቀዳዳ ይደፍናል። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ብቻ ጥቃቅን ፍሬ የሚወጣባት ልጅ ካለች መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ ፀጉር ቅባቷ ነው። ቅቤ ብቻም አይደለም፣ የሱቁ የፀጉር ቅባትም ያው ነው። ከፀጉሩ ሥር ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ስትተኙ እሰሩት፣ ጠዋት ግንባራችሁን በሳሙና ታጠቡ። ትራስ ልብሱም ይቀየር። ይህን ብቻ አድርገው ያለ መድኃኒት የሚጠሩ አሉ።

ጢስ ቆዳን አሙቆ ያልባል፣ ያደርቃልም። ጢስ የሞቃችሁበትን ማታ ሬቲኖይዱን ዝለሉት። በማግስቱም ቆዳው ከደረቀ ሎሽን ብቻ። ፊትን ከጢሱ ውጭ ማድረግ ከተቻለ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ሎሚ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የጥርስ ሳሙናስ?

ሎሚ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላሉ። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ውሃ እስኪቋጥር ሊያደርስ ይችላል፣ የሚቀረው ጥቁረትም ወራት ይቆያል። የጥርስ ሳሙና ለጥርስ ነው። ጥቁር አዝሙድ በወሎ ቤት ሁሉ ያለ፣ የተከበረ ነገር ነው። ለጤና ብሎ የሚወስደውን ሰው አልከለክልም። ዘይቱን ከሬቲኖይድ ጋር በአንድ ማታ መደረብ ግን ቁጣ ይጨምራል። እሬት ሬቲኖይድ በማትቀቡበት ማታ ቢቀባ ብዙዎችን አይጎዳም፤ አንዳንዱን ግን ያሳክካል፣ ክንድ ላይ ሞክሩት።

ሱቅ ውስጥ አንድ ክሬም አለ፣ በሳምንት ፊት ያጠራል። ከሬቲኖል አይሻልም?

እባካችሁ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። በሳምንት ፊት የሚያጠራ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ይባላል። እነዚህ ለችፌና ለመሰል የቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ "ቅልቅል" ተብሎ የሚሸጥም አለ። ሜርኩሪ ያለባቸው የሚያቀሉ ክሬሞችም በዓለም ገበያ ተይዘው ያውቃሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል።

ስቴሮይዱ መጀመሪያ ተአምር ይመስላል። እብጠቱ ይጠፋል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ሰዉ ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ሳምንታት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል። ጥቃቅን የደም ሥሮች ይታያሉ። ጉንጭና አገጭ ላይ ፀጉር ሊበቅል ይችላል። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ጥቃቅን ቀይ ብጉሮች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ክሬሙን ሲተዉት ፊቱ ይነድዳል፣ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሴቶች አሉ። ከብጉሩ ይልቅ ክሬሙን ማስተው ይከብዳል።

አሁን እየተቀባችሁ ከሆነ በአንድ ጊዜ ጥላችሁ ሬቲኖል አትጀምሩበት። የቆዳ ሐኪም ጋ ክሬሙን ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃ በደረጃ ያስተዋችኋል። ማንም አይቆጣችሁም፣ መደበቅም አያስፈልግም።

ነፍሰ ጡር ነኝ / ላረግዝ አስባለሁ። መቀባት እችላለሁ?

አይቀባም። የእነዚሁ ዘመድ የሆነው፣ በአፍ የሚወሰደው ኢሶትሬቲኖይን ፅንስን ክፉኛ ያጎድላል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ቢሆንም ለጥንቃቄ ሲባል በእርግዝና ጊዜ ይቆማል። ሳታውቂ ተቀብተሽ ከሆነ እህቴ አትደንግጪ። አቁሚና በቀጣዩ ክትትልሽ ለሐኪምሽ ወይም ለአዋላጇ ንገሪ። በዚህ ጊዜ አዜላይክ አሲድ ይሆናል። ጡት የምታጠቢም ከሆነ አስቀድመሽ አማክሪ፤ የሕፃኑ ፊት በሚነካው ቦታ ግን አይቀባም።

የሚቀባው ከሚወደድ ለሕፃናት የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ብውጠውስ?

በፍጹም። ያ እንክብል ለሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ከፍተኛ መጠን ነው። በየቀኑ የሚውጠው ሰው ጉበቱን ይጎዳል። እርጉዝ ከሆነች ፅንሱን ይጎዳል። በስታችሁ ፊት ላይ መቀባትም ጥቅም የለውም። ካሮትና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ብሉ፣ ለጤና ጥሩ ናቸው፤ ብጉር ግን አያጠፉም።

ስለ ምግብ ከተነሳ፣ ስኳር የበዛበት ምግብና መጠጥ አንዳንዱን ሰው እንደሚያባብስበት ጥናቶች ያሳያሉ። ወተትም እንዲሁ። ቡናና ሻይ ውስጥ የምትጨምሩትን ስኳር ቀንሳችሁ እዩት።

ሰርጌ ደርሷል። አሁን ብጀምር?

በሰርግ ሳምንት፣ በሰርግ ወርም አይጀመርም። ተላጦ የሚቀር ፊት ላይ ሜካፕ አይቆምም። ለጥር ሰርግ ቢዘገይ መስከረም ላይ ጀምሩ። ቅንድብ በክር ወይም በሰም የምታሠሪ ከሆነ ከአንድ ሳምንት በፊት ሬቲኖይዱን አቁሚ። ያለዚያ ሰሙ ቆዳውን ይዞት ይነሳል።

ከሌላ የብጉር መድኃኒት ጋር ይደባለቃል?

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ከአዳፓሊን ጋር በአንድ ላይ ይሠራል። ከትሬቲኖይን ጋር ከሆነ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። ሳሊሲሊክ አሲድና ፊት መፈተጊያ ሻካራ ሳሙናዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅሩ።

አንቲባዮቲክ፣ ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን፣ ለባሰ ብጉር ይታዘዛል። ለብቻው፣ ለረጅም ጊዜ ግን አይወሰድም፤ ባክቴሪያው ይለምደዋል። ጎረቤት የተረፈውን አትውሰዱ።

ወንዶችም ይቀባሉ?

አዎ፣ እንደ ሴቶቹ። ጢም ከተላጩ በኋላ አገጭና አንገት ላይ ብቻ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ብጉር ሳይሆን ወደ ውስጥ የታጠፈ ፀጉር ነው። የምትላጩበትን መንገድ መቀየር ይቀድማል። የተላጫችሁበትን ማታም አትቀቡ።

እውነተኛውን እንዴት ልለይ? የት ላስቀምጠው?

ሬቲኖል በብርሃን፣ በአየርና በሙቀት ይበላሻል። ብርሃን የማያሳልፍ፣ አፉ ጠባብ ቱቦ ወይም የሚጫን ጠርሙስ ምረጡ። ሰፊ አፍ ያለው ግልጽ ብልቃጥ ውስጥ ከሆነ፣ በዚያ ላይ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርድሮ ከቆየ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት ቁጥርና ያልተከፈተ ማሸጊያ እዩ። ከተከፈተ በኋላ የሚቆይበት ወር በትንሽ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ውስጥ ተጽፏል፣ 6 ወይም 12 ይላል። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት።

መቼ ነው ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ?

ብጉሩ እንደ እባጭ ጠልቆ የሚያም ከሆነ፣ ጠባሳ መተው ከጀመረ፣ ወይም በትክክል ተቀብታችሁ በሦስት ወር ካልተሻላችሁ። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ አገጯ ላይ ፀጉር የሚበቅልባት ሴትም ትታይ፤ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ግንባርና ጀርባ ላይ እኩል እኩል የሆኑ፣ በጣም የሚያሳክኩ ፍሬዎች ከሆኑም ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ሬቲኖል አይፈታውም።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምና ዘመን ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የሚታወቅ ነው። ብዙ ሰው ግን "ለብጉር ሆስፒታል ይኬዳል እንዴ?" እያለ ያፍራል። ይኬዳል። ጠባሳ ከተፈጠረ በኋላ ማስተካከሉ እጅግ ከባድ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ሰው ይተርፋል።

ለከባዱ ብጉር ሐኪሙ ኢሶትሬቲኖይን ሊያዝ ይችላል። በአፍ የሚወሰድ፣ ለወራት የሚቆይ ጠንካራ መድኃኒት ነው። የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይፈልጋል። ሴት ከሆነች በመድኃኒቱ ጊዜና ካቆመች በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ማርገዝ የለባትም። ከዶክሲሳይክሊንና ከቫይታሚን ኤ ጋር አብሮ አይወሰድም። ከሰው እጅ የሚገዛ አይደለም።

ፊቴ ጠርቷል። ላቁም?

ወዲያው አይደለም። ከሥር አዳዲስ ድፍኖች መፈጠራቸውን አያቆሙም። በየማታው ትቀቡ ከነበረ በሳምንት ወደ ሁለትና ሦስት ማታ አውርዱት፣ ለወራት በዚያ ቆዩ። የፀሐይ ክሬሙ እንዳለ ይቀጥላል።